ምንጣፍ የለበሰው ባቡር

የጾም ምግብ አሠራር ጻፍልን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ እሱን በሚቀጥለው ወር እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን ስለ ባቡር ላጫውታችሁ። ሰበቡም ይሄ ነው፤ ብዙዎቻችን ሥራ የምንሄድበት፣ ልጆቻችን የሚመላለሱበት የዋሽንግተን ሜትሮ 50ኛ ዓመቱ ማርች 27 ቀን 2026 ነው። ሥራ የጀመረው ማርች 27 ቀን 1976 ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለልደት ኬክ ቆርሶ፣ አጨብጭቦ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ስለ አንድ ጡረታ የወጣ የባቡር ዓይነት ማውራት ፈለግሁ። የፉርጎው ቁጥር በ1 የሚጀምረው፣ ወለሉ ምንጣፍ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ መስኮቱ ሰፊ የነበረው ባቡር። ከ2017 በፊት በዚህ ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ ተሳፍሮበታል። ባቡሩ ውብ ነበር። ሰውም ሞቶበታል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ብታነቡላቸው ደስ ይለኛል፤ ለእነሱም የሚሆን ነገር አለበት።

አውሮፕላን ሠሪው ባቡር ሠራ

በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የከተማ ባቡር ማለት በብዙ ሰው አእምሮ ጨለማ፣ ጫጫታና ቆሻሻ ማለት ነበር። መኪና ያለው ሁሉ በመኪናው ነው የሚሄደው። ስለዚህ የዋሽንግተን ሜትሮን ያቀዱት ሰዎች ያሰቡት እንዲህ ነው፤ «ሰውየው መኪናውን ቤቱ ትቶ እንዲመጣ ከፈለግን ከመኪናው የማያንስ ነገር እንስጠው»። ጣቢያዎቹን አርክቴክት ሀሪ ዊዝ ነደፋቸው። ያ እንደ ትልቅ ዋሻ ከላይ የሚከበን፣ በየአራት ማዕዘኑ የተቦረቦረ የሚመስለው የሲሚንቶ ጣሪያ የእሱ ሥራ ነው። የባቡሩን መልክ ደግሞ ሰንድበርግ ፌራር የሚባል የዲትሮይት አካባቢ የንድፍ ድርጅት አወጣው።

የሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ቹላ ቪስታ በምትባል ከተማ የነበረ ድርጅት ነው፤ ስሙ ሮር ይባላል። የሮር ታሪክ ይገርማል። መሥራቹ ፍሬድ ሮር ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ብቻውን ላቋረጠባት አውሮፕላን የነዳጅ ታንከሮቹን የሠራ የቆርቆሮ ባለሙያ ነበር። በ1940 የራሱን ድርጅት አቋቋመና የአውሮፕላን ክፍሎች ማምረት ጀመረ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የአውሮፕላኑ ሥራ ሲቀዘቅዝ ብዙ እንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ፊታቸውን ወደ ከተማ ባቡር አዞሩ። ሮር መጀመሪያ የሳንፍራንሲስኮና የኦክላንድን ባርት ባቡር ሠራ፤ ቀጥሎ የዋሽንግተንን 300 ፉርጎዎች ለመሥራት ውል ገባ። ኦክላንድ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ የእናንተ አሮጌው ባርት እና የእኛ ባለ አንድ ሺህ ወንድማማቾች ነበሩ ማለት ነው። ሮር ግን በባቡር ሥራው ከስሮ እነዚህን ከሠራ በኋላ ወደ አውሮፕላኑ ተመለሰ።

አካሉ አሉሚኒየም ነው። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ክብደት አይወድም፤ ቀላል ነገር ቶሎ ይነሳል፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። እያንዳንዱ ፉርጎ 75 ጫማ ርዝመት ነበረው፤ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ሦስት በር፣ ከውጪ ወገቡ ላይ ቡናማ ሰንበር። ውስጡ ብርቱካንማ፣ ቡናማና ክሬም ቀለም። ፉርጎዎቹ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም። አንዳንዱ መሣሪያ በአንደኛው፣ አንዳንዱ በሌላኛው ላይ ስለተገጠመ የባቡር ሰዎች «ባልና ሚስት» ይሏቸዋል። ልጆች፣ ይሄን ያዙልኝ፤ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ፉርጎ ካያችሁ ጥንዱ ሙሉ ቁጥር ነው። 1000 ከ1001 ጋር፣ 1078 ከ1079 ጋር።

በመጀመሪያው ቀን የተከፈቱት አምስት ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ፤ ከፋራጉት ኖርዝ እስከ ሮድ አይላንድ አቨኑ። ያን ቀን ጉዞው በነፃ ስለነበር ከ50 ሺህ በላይ ሰው ወጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ በ1978 ተከፈተ። ያን ጊዜ ከ1966ቱ (በእኛ አቆጣጠር) አብዮት በኋላ ከአገር የወጡት የመጀመሪያዎቹ ወገኖቻችን እዚህ መድረስ ጀምረዋል። በ1980 የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ደግሞ ቁጥራችን ጨመረ። አዳምስ ሞርጋን አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። ታዲያ እነዚያ ወገኖች ሆቴል ለማጽዳት፣ ፓርኪንግ ለመጠበቅ፣ ሰሐን ለማጠብ የተመላለሱት በዚህ ባለ ምንጣፍ ባቡር ነው። አንድ ደንበኛዬ የሆኑ አባት ሲያጫውቱኝ፣ «መጀመሪያ የገባሁ ቀን ጫማዬን ላውልቅ ወይ ብዬ አስቤ ነበር» ብለውኛል። ቤታቸው ምንጣፍ አልነበረማ!

ምንጣፉና አንዲት የድንች ጥብስ

ምንጣፍ ያለው ቤት ሥርዓት አለው። ሜትሮም ከመጀመሪያው መብላትና መጠጣት ከለከለ። ይሄን ደንብ እኔ እንደ ምግብ ቤት ባለቤት በየቀኑ አስታውሰዋለሁ፤ ምግብ ይዞ የሚወጣ ደንበኛ «ባቡር ውስጥ እንዳይከፍቱት» ይባላል። ደንቡ ምን ያህል የጠነከረ እንደነበር ላሳያችሁ። በ2000 ዓመተ ምሕረት አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቴንሊታውን ጣቢያ ውስጥ አንዲት የድንች ጥብስ ስትበላ ተያዘች። እጇ በካቴና ታስሮ ተወሰደች። ቤተሰቧ ከሰሰ። ጉዳዩ በይግባኝ ፍርድ ቤት በ2004 ሲወሰን ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ጆን ሮበርትስ ነበር። በልጅቷ ላይ በደረሰው ማንም ደስ እንዳላለው አስቀምጦ፣ ሕገ መንግሥቱ ግን አልተጣሰም አለ። በዓመቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። ልጆች፣ ቺፕሳችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ!

እንግዲህ ልብ በሉ። ምንጣፍ ላይ ፍርፋሪ እንዳይወድቅ ይህን ያህል ጥንቃቄ ነበር። ፍርፋሪው በዓይን ይታያል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ብረት ግን አይታይም። የዛሬው ጨዋታዬ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከምንጣፉ ሥር

በመንገደኛ ላይ ሞት የመጣው በጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ነው። ያን ቀን ከባድ በረዶ ነበር። አንድ አውሮፕላን ከናሽናል ኤርፖርት ተነስቶ ወዲያው የ14ኛውን መንገድ ድልድይ መትቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ግማሽ ሰዓት ገደማ እንኳ ሳይሞላ ፌዴራል ትራያንግል ጣቢያ አጠገብ ባቡር ከሀዲዱ ወጣ፤ የዋሻውን ግድግዳ መታ፤ ሦስት መንገደኞች ሞቱ። የከተማው የአደጋ ሠራተኞች በሙሉ ወደ ወንዙ በሮጡበት ሰዓት ማለት ነው።

ከዚያ ኖቬምበር 3 ቀን 2004 ዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ላይ ሌላ አደጋ ሆነ። ጣቢያው ስሙ ላይ አዳምስ ሞርጋንም ተጨምሮበታል፤ የድሮ ሰፈራችን ነው። አንድ መንገደኛ ያልጫነ ባቡር ከክሊቭላንድ ፓርክ በኩል ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጣቢያው ላይ የቆመውን ባቡር መታው። የአንዱ ጫፍ ከሌላው በላይ ወጣ። በየጋዜጣው የወጣውን ፎቶ ያየ ሰው አይረሳውም። 20 ያህል ሰዎች ተጎዱ እንጂ ማንም አልሞተም። ተመስገን ተባለ።

ነገር ግን መርማሪዎቹ ተመስገን ብለው አልሄዱም። ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ያየው ይሄንን ነው። ባቡር ከባቡር ሲጋጭ የሁለቱ ወለሎች ፊት ለፊት ተገናኝተው ከተገፋፉ፣ ጉልበቱ ብረቱን አጨማዶ እዚያው ያልቃል፤ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ይተርፋል። የአንዱ ወለል ከሌላው በላይ ከወጣ ግን ነገር ይለያል። ወፍራሙ የወለል ብረት በስሱ የሰውነት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የፕላስቲክ ብርጭቆዎችን አንዱን በአንዱ ውስጥ እንደምንደራርበው አስቡት። የሮር ፉርጎዎች ለዚህ የተጋለጡ ነበሩ።

ሠሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ግጭት የነበረው እውቀት የዛሬውን ያህል አልነበረም። የተጠየቁት ምቹ፣ ፈጣን፣ ቀላል ባቡር ነው፤ ሠርተው ሰጡ። ጥያቄው ከታወቀ በኋላ ምን ተደረገ የሚለው ነው።

ቦርዱ በ2006 ሁለት ምርጫ ሰጠ። ወይ እነዚህን ፉርጎዎች ቶሎ ከሥራ አውጡ፣ ወይ ግጭት የሚቋቋም ማጠናከሪያ ግጠሙላቸው።

የወረቀት ኪራይ

ሜትሮ የሰጠው መልስ ምን ነበር? የተፈራረምነው የሊዝ ውል አለ፤ ፉርጎዎቹን እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ በሥራ ላይ እንድናቆይ ያስገድደናል የሚል ነው።

ይሄ ነገር መጀመሪያ ሳነበው አልገባኝም ነበር፤ በራሴ ሥራ ቋንቋ ስመልሰው ግን ገባኝ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃ አለኝ እንበል። አንድ ባለሀብት ይመጣና፣ «ምድጃህን በወረቀት ለእኔ አከራየኝ፤ እኔ ደግሞ መልሼ ለአንተ አከራይሃለሁ» ይለኛል። ምድጃው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እኔ እንደወትሮው ሽሮዬን እሠራለሁ። እሱ ግን በወረቀት ባለቤት ስለሆነ «ዕቃዬ እያረጀ ነው» ብሎ ከግብሩ ላይ ይቀንሳል። ካተረፈው ላይ ለእኔ ጥሬ ገንዘብ ይሰጠኛል። ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። አንድ ግዴታ ብቻ አለብኝ፤ ውሉ እስኪያልቅ ምድጃውን አልጥልም።

ሜትሮ ያደረገው ይሄንኑ ነው። እሱ ብቻም አይደለም፤ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ገንዘብ ሲያጥራቸው እንዲህ ዓይነት ውል ገብተዋል። በጊዜው ሕጋዊ ነበር። ኮንግረስ በሩን የዘጋው በ2004 ነው፤ የተፈረመው ግን ተፈርሟል። እንግዲህ አስቡት፤ ጋዝ የሚያፈስ ምድጃ ያለኝ ሰው፣ እያወቅሁ፣ «ውሉ አላለቀም» ብዬ በየቀኑ ክብሪት ስጭርበት። ለሜትሮ ፍትሐዊ ለመሆን፣ 300 ፉርጎ ማስወገድ ምድጃ እንደመለወጥ ቀላል አይደለም። በምትካቸው አዲስ ሳይኖር ቢወጡ መንገደኛው ጣቢያ ላይ ይቀራል። ገንዘብ የሚመድቡትም ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያ፣ ዲሲና ፌዴራል መንግሥቱ ናቸው፤ አራቱን ማስማማት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

ጁን 22 ቀን 2009

ሰኞ ነበር፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት። በቀዩ መስመር፣ በታኮማና በፎርት ቶተን መካከል አንድ ባቡር ፊቱ ያለው እስኪነሳ ቆሞ ይጠብቃል። ከኋላው ሌላ ባቡር መጣ። ሙሉ በሙሉ ባለ አንድ ሺህ ፉርጎዎች ነው፤ የፊተኛው ቁጥር 1079።

ባቡሩ የሚነዳው በራሱ፣ በአውቶማቲክ ነበር። እንዴት እንደሚሠራ በቀላሉ ልንገራችሁ። ሀዲዱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ይሄድበታል። ባቡር ሲመጣ የብረት ጎማዎቹ ሁለቱን ሀዲዶች ያገናኙና ምልክቱ ይቋረጣል። መቆጣጠሪያው «እዚህ ክፍል ባቡር አለ» ይልና የኋላውን ያቆማል። ያን ቀን ግን እዚያች ክፍል ላይ ምልክቱ ተሳሳተ። ባቡር ቆሞባት ሳለ መቆጣጠሪያው ባዶ ናት አለ። ከአምስት ቀን በፊት እዚያው ቦታ አንድ ዕቃ ተቀይሮ ነበር፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክፍሏ በትክክል አልሠራችም።

የኋላው ባቡር ሹፌር ቆሞ ያለውን ባቡር ስታይ የአደጋ ፍሬኑን መታችው። መርማሪዎቹ ፍሬኑ ተጭኖ አግኝተውታል። አልደረሰም። 1079 በፊቱ ባለው ባቡር ላይ ወጣ። ከ75 ጫማ ርዝመቱ 63 ጫማው ሰው ሊተርፍበት የማይችል ሆነ። ሹፌሯና ስምንት መንገደኞች፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ቆሰሉ።

የግጭቱ ምክንያት የምልክቱ ብልሽት እንጂ የፉርጎው አሠራር አይደለም። ይሄን ለይተን እንወቅ። ነገር ግን ቦርዱ በ2010 ባወጣው ሪፖርት፣ የፉርጎው ደካማነት ለጉዳቱ መክፋት አስተዋጽኦ አድርጓል አለ፤ ባለ አንድ ሺህዎቹ በተቻለ ፍጥነት ይውጡ ብሎም ደገመ። ከ2006 እስከ 2009 ሦስት ዓመት ነው።

ሜትሮ ከአደጋው በኋላ ባለ አንድ ሺህዎቹን መሃል ላይ አስገብቶ ፊትና ኋላ ሌላ ዓይነት ፉርጎ አደረገ። ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አልነበረም። ባቡሮቹም ሁሉ በሹፌር እጅ መነዳት ጀመሩ። አውቶማቲኩ ቀዩ መስመር ላይ የተመለሰው በዲሴምበር 2024 ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ። ኒው ሃምፕሻየር አቨኑ ላይ፣ ከአደጋው ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ በ2015 ለዘጠኙ ሰዎች መታሰቢያ መናፈሻ ተከፍቷል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ጸጥ ያለ ቦታ ነው።

ምንጣፉ ሲነሳ

በምትካቸው የመጡት የካዋሳኪ ፉርጎዎች ናቸው፤ በ7 የሚጀምሩት። ኔብራስካ፣ ሊንከን ከተማ ተገጣጠሙ። ኤፕሪል 14 ቀን 2015 ሥራ ጀመሩ፤ በድምሩ 748 ሆኑ። አካላቸው የማይዝግ ብረት ነው። ጫፋቸው ግጭት ሲመጣ ጉልበቱን ራሱ እየተጨማደደ እንዲውጥ፣ ሰው ያለበት መሃሉ እንዲተርፍ ታስቦ ነው የተሠራው። ካሜራና ስክሪን አላቸው። ምንጣፍ የላቸውም። ምንጣፉ የሚናፍቃችሁ አላችሁ፤ እኔ ግን ወለል የሚጠርግ ሰው ነኝና አልፈርድባቸውም።

የመጨረሻዎቹ ባለ አንድ ሺህዎች በ2017 እስከ ጁላይ 1 ድረስ ከሥራ ወጡ። 41 ዓመት ሠርተዋል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ «አሮጌ መጥፎ፣ አዲስ ጥሩ» ብለን እንሄድ ነበር። አላለቀም። ኦክቶበር 12 ቀን 2021 አርሊንግተን መቃብር ጣቢያ አጠገብ አንድ ባለ ሰባት ሺህ ባቡር ከሀዲድ ወጣ። ውስጡ 187 ሰው ነበረበት። ሲመረመር፣ ጎማዎቹ በብረት ዘንጉ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ውጪ እየሸሹ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ያው ባቡር ያን ቀን ቀደም ብሎም ከሀዲድ እየወጣ ተመልሶ ገብቶ ነበር። የጎማዎቹም ችግር ከ2017 ጀምሮ በመዝገብ ላይ የሠፈረ ነው። አሁንም ያው በሽታ ነው፤ እያወቁ መዘግየት።

ነገር ግን ያን ጊዜ አንድ የተለወጠ ነገር ነበር። ለአሥርት ዓመታት የፌዴራል መንግሥቱ ለከተማ ባቡሮች የደህንነት ደንብ የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም። በ2012 የወጣ ሕግ ያንን ሥልጣን ሰጠው። በ2019 ደግሞ የዋሽንግተን ሜትሮሬይል ደህንነት ኮሚሽን የሚባል ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ሥራውን ተረከበ። ይሄ ኮሚሽን አደጋው በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ 748ቱም ፉርጎዎች እንዲወጡ አዘዘ። ሜትሮ ካለው ፉርጎ ከግማሽ በላይ በአንድ ጊዜ ቆመ!

ያን ጊዜ ታስታውሳላችሁ አይደል? ባቡር ለመጠበቅ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ልጆች አርፍደው ሲመጡ ደንበኛ ይጮኻል፣ ሽንኩርት የሚከትፍ የለም፣ እኔም ሽርጥ ለብሼ ገባሁ። ወራት ፈጀ። ሁላችንም አማረርን። አሁን ሳስበው ግን ያ መጠበቅ ርካሽ ነበር። በ2006 እንዲህ ብሎ የሚያዝ ቢኖር ኖሮ ስንቱ ሰው እቤቱ በገባ ነበር እላለሁ።

ከጥገናና ከአገራችን ጋር

ይሄ ነገር የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 (በእኛ አቆጣጠር) ሲጀመር ሁላችንም ከዚህ ሆነን በቪዲዮ አይተን ተደስተናል። 41 ባቡር ነበር የተገዛው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡር መግዛት አንድ ቀን ነው፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ማኖር ግን የየቀን ሥራ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳውም የለም። እዚህ ባለ ብዙ ገንዘብ አገር ውስጥም፣ እዚያም፣ የሚጎድለው ያው ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ ለቤቴ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ። ደንበኛ የሚያየው መሶቡን፣ ጠረጴዛውን፣ መጋረጃውን ነው። ነፍስ የሚያድነው ግን ከምድጃው በላይ ያለው የእሳት ማጥፊያ ነው፤ የኋላው በር በቀላሉ መከፈቱ ነው። እነዚህ በቀጠሮ የሚፈተሹ ናቸው፤ «ገበያው ሲሻል» የሚባል ቀጠሮ የላቸውም። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ የጭስ ማንቂያውን ባትሪ ዛሬ እዩት። የመኪናችሁን ጎማ እዩት። የልጆቹን የመኪና ወንበር ቀበቶ እዩት። ተነግሯችሁ ያሳደራችሁት ነገር ካለ፣ በዚህ ሳምንት ጨርሱት።

ለልጆች

ልጆች፣ አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሜትሮ ስትሳፈሩ የፉርጎውን ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያው አሃዝ የትኛው ትውልድ እንደሆነ ይነግራችኋል። በ3 የሚጀምር ከሆነ ጣሊያን አገር ብሬዳ የሚባል ድርጅት የሠራው ነው፤ ከወላጆቻችሁ አንዳንዶቹ ልጅ በነበሩበት በ1980ዎቹ መጥቷል። በ6 የሚጀምረው የአልስቶም ነው። በ7 የሚጀምረው የካዋሳኪ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በ8 ይጀምራል፤ እሱን ሂታቺ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሃገርስታውን ውስጥ እንዲሠራው ውል ተፈርሟል። በ1 የሚጀምር አታገኙም፤ ካገኛችሁ ደውሉልኝ!

ሌላም ላስጠንቅቃችሁ። ባቡር ዋሻ ውስጥ ቢቆም በራሳችሁ በር ከፍታችሁ አትውረዱ። ከሁለቱ ሀዲዶች ጎን ያለው ሦስተኛው ሀዲድ 750 ቮልት ተሸክሟል፤ አንድ ጊዜ መንካት ይገድላል። ከሹፌሩ ጋር መነጋገሪያው በየፉርጎው ጫፍ ላይ አለ፤ የት እንዳለ ከእማማ ወይም ከአባባ ጋር አብራችሁ ፈልጉ። ወላጆችም እንግሊዝኛዬ አይሞላም ብላችሁ አትፈሩ። እንግዳ ጭስ፣ እንግዳ ድምፅ፣ የማይዘጋ በር ካያችሁ ተናገሩ። «የፉርጎው ቁጥር ይሄ ነው፣ ጭስ አለ» ማለት ይበቃል። የሚሰማው ክፍል ሰው መላክ የሥራው ግዴታ ነው።

50 ዓመቱን ሜትሮ መልካም ልደት እንበለው። ስንቱን ወገናችንን ከሥራ ወደ ቤቱ አድርሷል። ዘጠኙንም እንዳንረሳ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። በሚቀጥለው ወር የጾሙን ምግብ ይዤ እመጣለሁ፤ ሽምብራ አሳ አሠራር የጠየቃችሁኝ እህት፣ የእርስዎም ተራ ደርሷል። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።